ሻንጣ የያዘችው ወፍ

ወፏ አውራ ጣቴን አታክልም። ባርኔጣ ደፍታለች። በአንድ ክንፏ ሻንጣ አንጠልጥላለች። አንገቷን ወደ ኋላ አዙራለች። ዓይኗ ቀይ ብርጭቆ ነው፤ ከምስር ፍሬ ያንሳል። ከእግሯ ሥር በቀጭን ሰንሰለት የተንጠለጠለች ቁልፍ አለች፤ ስራመድ ትወዛወዛለች። ቀለሟ የቆየ ነሐስ ይመስላል፤ ጎድጎድ ያለው ጠቁሯል፣ ወጣ ያለው ያበራል። ጀርባዋ ላይ መርፌ አላት። ከተማው ብሮሽ ይለዋል። እናቴ «ጌጠኛ መርፌ ቁልፍ» ትለዋለች።

ለብቻዋ አልገዛኋትም። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየም። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት ብዙም አንርቅም። ክረምት ሲመጣ ብርዱን የሚከልል ነገር የለም፤ ከሜዳው ተነስቶ ቀጥ ብሎ አራተኛ ፎቅ ይገባል። ባለፈው ሰኔ ካፖርት ፍለጋ ሰልባጅ ሻጮቹ ጋ ወረድኩ። ሸራ ተነጥፏል፣ ልብሱ ተከምሯል፣ ሰዉ ጎንበስ ብሎ ይበረብራል። እኔም ገባሁበት። አንድ ግራጫ የሱፍ ካፖርት እጄ ላይ ወጣ። ስለካው የሆነ ነገር አንገቴ ሥር ወጋኝ። ከኮሌታው ውስጥ ተሰክታ ነበር።

ለሻጯ አሳየኋት። ደብቄ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። አገላብጣ አየቻትና መለሰችልኝ።

«ከልብሱ ጋር የመጣች ናት የኔ ቆንጆ። ልብሱን ከወሰድሽ ያንቺው ናት።»

ወደ ቤት ስመለስ፣ ገና ደረጃውን ሳልጨርስ፣ ታሪክ ሠራሁላት። ማን ነበረች ይቺን ወፍ ያደረገቻት? ለምን ከኮሌታ ውጭ ሳይሆን ከውስጥ ሰካቻት? ሰው እንዳያይባት ነው። ለምን እንዳያይባት? ስጦታ ስለሆነች። ከማን? እንዲህ እያልኩ አራተኛ ፎቅ ስደርስ፣ ወፏ የአንዲት የድሬዳዋ ልጅ ሆናለች። አባቷ ባቡር ጣቢያ ቲኬት ቆራጭ ነው። አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ አዲስ አበባ የሚያደርሰውን ሐዲድ ሊሠራ ሲሄድ ትቶላት ሄዷል። «ሐዲዱ ሲያልቅ በመጀመሪያው ባቡር ነይ» ብሏታል። ቁልፏ የሻንጣው ናት። ልጅቷ ጠበቀች። ሐዲዱ ግን ቆመ።

ሐዲዱ መቆሙን ከራሴ አላመጣሁትም። ይሄን ክፍል በጣም የምወደው እውነት ስለሆነ ነው። የምድር ባቡሩ ሥራ ከጅቡቲ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ከባድ ሆነና ከታች ከሜዳው ቀረ፤ በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ የደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ሆነ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ሐዲዱ የማን ይሁን በሚለው ተናቆሩ። ሥራው ለዓመታት እዚያው ቆመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከጅቡቲ እስከዚህ 784 ኪሎ ሜትር፣ ሃያ ዓመት። ድሬዳዋ ላይ ሻንጣዋን አዘጋጅታ የጠበቀች ልጅ ካለች፣ መሀል ላይ ልጅነቷ አልቋል።

የመጀመሪያው ታሪኬ ላይ ልጅቷን ቶሎ ለገሃር አውርጃት ነበር። በኋላ ዓመቶቹን ሳይ አልገጠመልኝም። ለገሃር ያለው ያ ትልቁ የጣቢያ ሕንፃ እንኳ የተመረቀው በ1929 ነው። ስለዚህ እንደገና አስጠበቅኳት። ሰው ለፈጠረው ነገር እንዲህ መጨነቁ ይገርማል። እኔ ግን ተጨነቅሁ። ልጅቷ ባትኖርም ሐዲዱ ነበረ። በሌለ ባቡር ላሳፍራት አልፈለግሁም።

ወፏን ካፖርቱ ላይ፣ በውጭ በኩል ሰክቼ ሥራ መሄድ ጀመርኩ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ብዙ ሰው ያያታል። ሕፃናት ይስቁላታል። አንዲት ሴትዮ ከየት እንደምትገዛ ጠየቀችኝ። ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ካፊያ ነበር፣ ከኋላዬ የተሰለፉ አንድ አዛውንት ዣንጥላቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው «ይቺ ወፍ ወዴት ነው የምትሄደው ልጄ?» አሉኝ።

የሆነውን ብናገር ምን ነበረበት? አፌ ላይ የመጣው ግን ያ ታሪክ ነው። «የአያቴ ናት» አልኳቸው። «አያቴ ከድሬዳዋ በባቡር ስትመጣ ያደረገቻት ናት።»

ፊታቸው በራ።

ታክሲው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ለሠላሳ ዓመት ያህል የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሐዲድ ጠጋኝ። አቃቂ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ሠርተዋል። ከሞጆ ወዲህ ያለውን መስመር እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር መሆኑን በሁለት እጃቸው ለክተው አሳዩኝ፤ ታክሲው ጠባብ ስለነበር አንዱ እጃቸው ከፊታችን የተቀመጠውን ልጅ ትከሻ ነካው። ባቡሩ አዋሽ ሲቆም በመስኮት ብርቱካንና ሎሚ እንዴት እንደሚገባ ነገሩኝ። ሌሊት ሐዲድ ሲፈተሽ በመብራት ብቻ አይደለም አሉ፤ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ድምፁን መስማት ነው። የላላው ቦታ ድምፁ ይደነቁራል። እስካሁን አልጋቸው ላይ ሆነው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲያልፍ የሚሰሙ ይመስላቸዋል።

ከዚያ ወደ ወፏ ዞሩ።

«እይ አንገቷን» አሉ። «ጣቢያ ላይ ሻንጣ የያዘ ሰው በሙሉ፣ ከመሳፈሩ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። የማይዞር አላየሁም። ይቺን የሠራት ሰው ጣቢያ ያውቃል።»

አንድ ወር ሙሉ አድርጊያታለሁ። አንገቷ መዞሩን አይቻለሁ። ለምን እንደዞረች ግን አንድም ቀን አላሰብኩም።

«አያትሽ ስማቸው ማነው? ድሬዳዋ የት ሰፈር ነበሩ? ምናልባት ቤተሰባቸውን አውቅ ይሆናል» አሉኝ።

እዚህ ላይ ጉሮሮዬ ደረቀ። እኚህ ሰው እውነተኛ ነገር ነው የሰጡኝ፤ መዶሻውን፣ ድምፁን፣ ሎሚውን። እኔ የሰጠኋቸው ምንድን ነው? ቃሊቲ ሳንደርስ ነገርኳቸው። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አያቴ ባቡር አይታ አታውቅም። የተጉለት ሰው ናት። ወፏን ከሰልባጅ ካፖርት ላይ ነው ያገኘኋት።»

ዝም አሉ። መስኮቱን በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው ወደ ውጭ አዩ። የተቆጡ መሰለኝ። ቆይተው ግን «ታዲያ ያንቺ አያት ምን ነበራቸው?» አሉኝ።

«አንድ ማርትሬዛ ነበራት፣ አንገቷ ላይ የምታስረው ጠገራ ብር።»

«የት ደረሰ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት ያለ ነበር?»

እሱንም አላውቅም።

«እሱን ብትነግሪኝ እኮ እሰማሽ ነበር» አሉና ወራጅ ብለው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰልፍ ላይ አላገኘኋቸውም። ጠዋት ጠዋት አሁንም ዞር እያልኩ አያለሁ።

በዚያው ሰሞን አቃቂ ገበያ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አንጥረኛ ሄድኩ። ምክንያቴ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የወፏ መርፌ ላልቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ዕድሜዋን ማወቅ ፈለግሁ። ካፖርቱ አሮጌ ነው፤ እሷም አሮጌ መሆን አለባት ብዬ አምኛለሁ። ጋሼ ሱቃቸው ከአልጋ አይሰፋም። ሚዛን፣ ሞረድ፣ ጉጠት፣ አንድ ጥቁር የወርቅ መፈተኛ ድንጋይ። ወፏን ተቀበሉኝና ከፊቷ ሳይሆን ከጀርባዋ ጀመሩ።

ጌጥ ሲያረጅ የት እንደሚያረጅ ያን ቀን ተማርኩ። ጣት የሚነካው ቦታ ነው የሚያረጀው። መርፌው ሥሩ ይሳሳል፤ መቆለፊያው ይፋቃል፤ ጀርባው በጨርቅ ብዛት ይለሰልሳል። የኔ ወፍ ጀርባዋ ገና ሸካራ ነው። የተፋቀችው ክንፏ ላይ ነው፣ ማንም በማይነካት ቦታ፣ ለዓይን በሚያምርበት። በአጉሊ መነጽር ጎኗን አሳዩኝ። ከባርኔጣዋ እስከ ሻንጣዋ አንዲት ቀጭን መስመር ትወርዳለች፤ ሁለት ቅርጽ የተጋጠመበት ናት። በሰም የተሠራ ቢሆን ይሄ መስመር አይኖርም፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ጭቃው ይሰበራል፣ አንድ ቅርጽ አንድ ጊዜ ብቻ ይወለዳል። ይቺ ግን ብዙ እህቶች አሏት። የፋብሪካ ናት። ጥቁረቱም ዕድሜ አይደለም። ብር በአየር ላይ ባለ ድኝ ዓመት በዓመት ይጠቁራል፤ ወጣ ያለውን ልብስ ይወለውለዋል፣ ጎድጎድ ያለው ጥቁር ይቀራል። ፋብሪካው ይሄንኑ አይቶ ዕቃውን ያጠቁረውና ከላይ ከላዩ ይወለውለዋል። በአንድ ከሰዓት ሰባ ዓመት ይሰጠዋል።

«ሻንጣውስ ይከፈታል?» አልኳቸው። እስካሁን ለመክፈት ስታገል ነበር።

«ድፍን ነው» አሉ።

ከፋኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም ከፋኝ። ጋሼ አይተውኝ ነው መሰለኝ መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ነገር መዳፌ ላይ አኖሩ። ማርትሬዛ። ጠገራ ብር። መጀመሪያ የተሰማኝ ክብደቱ ነው፤ 28 ግራም ገደማ ነው፣ ቀዝቃዛ። ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በአንድ ወገን ሴትዮዋ ተከናንባ ትታያለች። በሌላው ወገን ሁለት ራስ ያለው ንሥር አለ፤ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ያያል። ጠርዙን በጥፍር ሲሄዱበት ፊደል ይቆረቁራል፤ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» ይላል።

«ትከሻዋን እይ» አሉኝ።

ትከሻዋ ላይ ብሮሽ አለ። ሞላላ፣ ዙሪያውን በዕንቁ የተከበበ። ልብሷን የያዘላት እሱ ነው። ድሮ ነጋዴ ማርትሬዛ ሲቀበል እነዚያን ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር። ዕንቁው ጎድሎ ወይ ተድጦ ካየ አይቀበልም። የአገሬ ሰው በሬውን የሸጠው፣ ጥሎሹን የጣለው፣ የአንዲት የኦስትሪያ ንግሥት ብሮሽ ላይ ዕንቁ እየቆጠረ ነው። የዚህኛውን ልቆጥር ሞከርኩ። ሰው እጅ ላይ ብዙ ከርሟልና ወደ አንድ ተሟሙቷል።

በንሥሩ ወገን ዓመቱ ተጽፏል፦ 1780።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። 1780 ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ብሩ ግን ከሞተች በኋላም ሲመታ ኖረ፣ ያንኑ ፊት፣ ያንኑ ብሮሽ፣ ያንኑ 1780 እንደያዘ። ዓመቱን ቢቀይሩት ገበያው ስለማይቀበለው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር ፓሪስ አስመትተዋል፤ የአገሬው ሰው ግን የለመዳትን ሴትዮ ቶሎ አልለቀቀም። ሙሶሎኒ እ.ኤ.አ. በ1935 ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታ፤ ሊወረን ሲመጣ የሚከፍልበት ብር ማለት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ቦምቤይም መቱት። ሁሉም ላይ 1780 ይላል። አያቴ አንገት ላይ የነበረው የትኛው ነው? ቪየና የተመታው? ሮም የተመታው? ብሩ ራሱ አይነግርም። የተወለደበት ዓመት በሌላ ዓመት ተሸፍኗል።

እና ማን ሐሰት አለው? ማንም። በዚያ ብር የተገዛው በሬ እውነተኛ በሬ ነው። አንገት ላይ የዋለው ብር እውነተኛ ብር ነው። ዕድሜውን የሰጠው ላዩ ላይ ያለው ቁጥር አይደለም፣ ዕንቁዎቹን ያሟሟው እጅ ነው። ወፏን መልሼ ካፖርቴ ላይ ስሰካት እንደ ቅድሙ አልከፋኝም። ድሬዳዋን አላየችም። የቱሉ ዲምቱን የጠዋት ሰልፍ ግን አይታለች። ሐዲድ ጠጋኙ ያነጋገሯት እሷን ነው፤ ለምን ወደ ኋላ እንደምታይ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ይሄ ከእኔ ታሪክ ይበልጣል።

የከበደኝ ሌላው ነው። ለአንዲት የፋብሪካ ወፍ ከድሬዳዋ እስከ ለገሃር ሐዲድ ዘርግቻለሁ። የአያቴን ማርትሬዛ ግን በሠላሳ አራት ዓመቴ አንድም ቀን «እማዬ፣ እንዴት ያለ ነበር?» ብዬ አልጠየቅሁም። ያልጠየቅሁት መልሱ እናቴን ያሳዝናት ይሆናል ብዬ ነው። እንዲህ እያልን ስንት ነገር አሳለፍን።

ቅዳሜ ማታ ጠየቅኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና በእርጥብ ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ክብ ሠራች።

«ይሄን ታህል ነበር» አለች። «ቀዳዳው ከራሷ በላይ ነው፣ እዚህ ጋ። ሲበሱት ትንሽ አጋደሉት። ስለዚህ እናቴ አንገት ላይ ሁልጊዜ ጎንበስ ያለች ነበር የምትመስለው።»

የጥሎሽ ነበር። አያቴ ከማተቧ ጋር በጥቁር ክር ታስረው ነበር። እናቴ ጥርስ ስታወጣ እሱን ነክሳ ነው ያደገችው፤ ብርዱ ድዷን ያበርድላታል። ትልቅ ሆና እንኳ የብር ጣዕም ታውቃለች፤ «ዝናብ የመታው ብረት ነው የሚመስለው» አለች።

የተሸጠው እናቴ አዲስ አበባ አክስቷ ጋ መጥታ እንድትማር ነው። አያቴ እጇን ይዛ አንጥረኛ ቤት ወሰደቻት። አንጥረኛው መዘነው፣ ከፈለ፣ ከዚያ እዚያው ወናፉን መንፋት ጀመረ። ለመስቀል ፈልጎት ነበር። አያቴ «ሂጂ ውጪ» አለቻት። እናቴ በር ላይ ቆማ አየች።

«ቶሎ የሚቀልጥ መስሎኝ ነበር» አለች። «አይቀልጥም። መጀመሪያ ቀላ። ከዚያ ፊቷ ጠፋ፣ አፍንጫዋ። ንሥሩ ይኑር አይኑር አላየሁም፤ ከታች ነበር። በመጨረሻ እንደ እንቁላል አስኳል ተሰበሰበ። እናቴ አላየችም። ግድግዳውን ነበር የምታየው።»

በገንዘቡ ኮንጎ ጫማና ደብተር ተገዛ። የተረፈው የአውቶቡስ ሆነ።

«ስትሄጂ ዞረሽ አየሻት?» አልኳት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

«አልዞርኩም። ጫማውን ነበር የማየው» አለች። ከዚያ ሽንኩርቷን አነሳች። ዓይኗ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ እሁድ ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ መጡ። እናቴ ነጠላዋን ስታስተካክል «እስቲ ያቺን ወፍ አምጫት» አለችኝ። ሰጠኋት። አገላበጠቻት። ሻንጣውን እንደ እኔ በጥፍሯ ሞከረችው። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰብሰብ አድርጋ ሰካቻት፣ ልክ ማርትሬዛ ላይ ያለችው ሴትዮ በሰካችበት ቦታ።

ሁለተኛው ስኒ ላይ ከፎቅ በታች የምትኖረው ጎረቤታችን አየቻት። «ውይ ስታምር! የእናትሽ ናት?»

እናቴ አየችኝ።

«አይደለችም። ልጄ ከሰልባጅ ያገኘቻት ናት» አለች። «እናቴ የነበራት ሌላ ነው።»

ጀበናውን መልሳ ከሰሉ ላይ ጣደችው።